ከድራም ወደ ዲስክ፦ የአንዲት ሙስታንግ የኋላ ፍሬን ቅየራ የሥራ ማስታወሻ

መነሻው

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1989 ፎርድ ሙስታንግ ናት፤ ባለ 5.0 ሊትር ቪ8 ሞተር። ካም ሻፍቷ፣ የአየር ማስገቢያዋና የጭስ ማውጫዋ ተለውጠዋል፤ ሞላዎቿ ጠንከር ባሉ ተተክተዋል፤ ቸርኬዎቿም 17 ኢንች ሆነዋል። ጉልበቷ ከፋብሪካ ስትወጣ ከነበረው በብዙ ጨምሮ ሳለ የኋላ ፍሬኗ ግን ያው ባለ 9 ኢንች ድራም ነው፤ ድራም ማለት ከጎማው ጋር የሚዞር፣ ሸራዎች ከውስጥ ወደ ውጭ እየተገፉ የሚይዙት ከበሮ መሰል ብረት ነው። ይህን ማስታወሻ የያዝኩት ድራሙን አውርጄ በምትኩ ለብቻው የሚሸጥ የዲስክ ፍሬን (ከጎማው ጋር የሚዞር ጠፍጣፋ ብረት ከሁለት ጎን በሸራ የሚያዝበትን) ስገጥም ነው። እያንዳንዱ ክፍል ሥራው እዚያ እንደደረሰ የተጻፈ ስለሆነ፣ ላይ የተነሣ ጥያቄ መልሱ ታች ሊገኝ ይችላል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የኋላ ዲስክ የሚገጠመው መኪና በአጭር ርቀት እንድትቆም ነው የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። በአንድ ድንገተኛ አቋቋም ጤነኛ ድራምም የኋላ ጎማን መቆለፍ ይችላል፤ ጎማ ከተቆለፈ በኋላ ደግሞ ፍሬኑ የሚጨምረው ነገር የለም። ልዩነቱ የሚታየው ፍሬን ደጋግሞ ሲያዝ ነው። ድራም ሲግል ወደ ውጭ ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም ይሰጥማል። ከዚህም ሌላ የድራም ሸራ ከራሱ ከድራሙ ዙረት ጉልበት እየተዋሰ ራሱን ያጠብቃል። በዚህ ምክንያት የሸራው የመያዝ ኃይል በሙቀት ወይም በውኃ ትንሽ ሲለዋወጥ የፍሬኑ ኃይል በብዙ ይለዋወጣል፤ አንዴ ይለግማል፣ አንዴ ድንገት ይይዛል። ዲስክ ይህ ጠባይ የለውም፤ የሚይዘው በተጫነው ልክ ነው። እኔም የምፈልገው እግሬ ያዘዘውን ብቻ የሚፈጽም የኋላ ፍሬን ነው።

ስሌቱ

ቁልፍ ከማንሣቴ በፊት እርሳስ አነሣሁ። የኋላ ፍሬን ሲለወጥ አብሮ የሚለወጠው በፊትና በኋላ መካከል ያለው ሚዛን ነውና። መኪና ስትቆም ክብደቷ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የፊት ጎማ ይከብዳል፣ የኋላው ይቀላል። የቀለለው ጎማ ከአቅሙ በላይ ከተያዘ ከፊቱ ቀድሞ ይቆለፋል። የተቆለፈ ጎማ ወደ ጎን የመያዝ ኃይሉን ስለሚያጣ የመኪናዋ ኋላ ፊቷን ሊቀድም ይዞራል። የፊት ጎማ ቀድሞ ሲቆለፍ ግን መሪው አይታዘዝም እንጂ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትንሸራተታለች። ለዚህ ሥራ የሰጠሁት አንድ ሕግ አለ፦ የኋላ ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ፈጽሞ አይቆለፍም። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የፊት ካሊፐሮቹ፣ ማለትም በዘይት ግፊት ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫኑት መያዣዎች፣ እያንዳንዳቸው ባለ አንድ 60 ሚሊሜትር ፒስተን ናቸው፤ የፒስተኑ ስፋት 2,827 ካሬ ሚሊሜትር ነው። አዲሶቹ የኋላ ካሊፐሮች ፒስተናቸው 38 ሚሊሜትር፣ ስፋቱም 1,134 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ሸራው ዲስኩን የሚይዝበት ቦታ ከመሃል ያለው ርቀት በፊትም በኋላም ተቀራራቢ ነው፤ የሸራውም ዓይነት አንድ ነው። ስለዚህ ግፊቱ እኩል ከሆነ ከጠቅላላው የፍሬን ኃይል 71 በመቶ ያህሉ ከፊት፣ 29 በመቶ ያህሉ ከኋላ ይመጣል ማለት ነው።

ክብደቱስ? ቆማ ሳለች 57 በመቶው የሚያርፈው ፊት ላይ ነው። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 2.55 ሜትር ነው፤ የክብደቷን ማዕከል ከመሬት 50 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ወስጄዋለሁ። እርጥብ መንገድ ላይ በ0.5 ጂ፣ ማለትም በመሬት ስበት ግማሽ ልክ፣ ስትቆም ከክብደቷ 33 በመቶው ኋላ ይቀራል። የኋላ ፍሬኑ ድርሻ 29 ስለሆነ ቀድሞ የሚቆለፈው የፊቱ ነው፤ ሕጉ ተጠብቋል። ደረቅ አስፋልት ላይ በ0.9 ጂ ስትቆም ግን ኋላ የሚቀረው ክብደት 25 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ፍሬኑ ግን አሁንም 29 ነው። ሕጉ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት በ0.73 ጂ አካባቢ ሲሆን፣ በእኔ ስሌት በዚያ ሰዓት በፍሬን ዘይት መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ወደ 50 ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) ይደርሳል። ከዚያ በላይ ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት የሚገታ ተስተካካይ ቫልቭ የግድ ነው። ብዙ ሰው ካሊፐርና ዲስኩን ገጥሞ ይህን ቫልቭ «ወደፊት እጨምረዋለሁ» ይላል። እኔ በበኩሌ ያለ ቫልቩ መኪናዋን ከበር አላስወጣትም።

ዕቃው ሲፈተሽ

ዕቃው ወለል ላይ ተዘርግቷል፦ ሁለት 267 ሚሊሜትር ዲስኮች፣ የእጅ ፍሬን ዘዴው በውስጣቸው የተሠራላቸው ሁለት ተንሸራታች ካሊፐሮች፣ የግራና የቀኝ ተሸካሚ ብረቶች፣ ተጣጣፊ ቱቦዎች፣ አዲስ የእጅ ፍሬን ገመዶችና ልዩ ልዩ ውፍረት ያላቸው ሮንዴላዎች። ነባሩን የአራት ቡሎን አቀማመጥ ስለሚጠብቅ አክስልም ሆነ ቸርኬ መቀየር አያስፈልግም።

ብዙ ፒስተን ያለው፣ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ካሊፐር በመልኩ ያማልላል። እኔ ግን አውቄ ተውኩት። የዚህች መኪና 8.8 ኢንች ዲፈረንሻል፣ የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው፣ አክስሎቹን የሚይዛቸው ውስጥ ጫፋቸው ላይ በሚገባ ሲ ክሊፕ (የ«C» ቅርጽ ባለው መቆለፊያ) ነው። በዚህ አሠራር አክስሉ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ትንሽ ይጫወታል፤ ጉድለት ሳይሆን አፈጣጠሩ ነው። ኩርባ ላይ አክስሉ ሲንቀሳቀስ ዲስኩም አብሮ ይንቀሳቀሳል። የማይንቀሳቀስ ካሊፐር ከሆነ ዲስኩ ሸራዎቹን ከነፒስተናቸው ወደ ኋላ ይገፋቸዋል፤ ሾፌሩ ቀጥሎ ፍሬን ሲይዝ ፔዳሉ ባዶ ይሆንበታል። ተንሸራታች ካሊፐር ግን ከዲስኩ ጋር እየሄደ ይመጣል።

ቀዳዳ የበዛበት ዲስክም አልወሰድኩም። የኋላ ፍሬን ከፊተኛው ያነሰ ሙቀት ስለሚሸከም ቀዳዳው እዚያ የሚጨምረው ጥቅም አይታየኝም፤ ፍሬን አብዝቶ ሲሠራ ደግሞ ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳ ጠርዝ ነው።

ድራሙን ማውረድ

የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ተገትተዋል። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለመሸከም አይደለምና መኪናዋ ያረፈችው ከአክስሉ ሥር በቆሙ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ነው።

ቀኙ በቀላሉ ወረደ። ግራው በዝገት ተጣብቋል። ዝገት ማላቀቂያ ረጭቼ በቡሎኖቹ መካከል በመዶሻ ዙሪያውን መታ መታ አደረግሁት። ሸራው ድራሙን በልቶ በጠርዙ ላይ ከንፈር ስለሚያበጅ ከኋላ ባለው ቀዳዳ ማስተካከያውን አላልቶ ሸራውን መሰብሰብም ያስፈልጋል። ያለዚያ ጉተታው ከዝገት ጋር ሳይሆን ከሸራው ጋር ይሆናል።

ውስጡን የሞላውን ጥቁር አቧራ በአየር መንፋት ክልክል ነው። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ አስቤስቶስ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ የሚገድል ነገር ነው። አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ በፍሬን ማጽጃ አርሼ፣ በጨርቅ ጠርጌ በላስቲክ ከረጢት አሰርኩት።

ግራው ሲከፈት ሌላ ጉዳይ ታየ። የታችኛው የሸራ ጫፍ ጥቁርና አብረቅራቂ ነው፤ በጣቴ ስነካው ቅባት፤ ሽታው የዲፈረንሻል ዘይት። ኦይል ሲሉ፣ በአክስሉ ዙሪያ ዘይቱን የሚገታው ቀለበት፣ እያፈሰሰ ነበር ማለት ነው። ይህች መኪና በኃይል ስትያዝ ወደ ቀኝ መሳቧ ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። የሁለቱም ወገን ኦይል ሲል ይለወጣል፤ አዲስ ሸራ በሚያፈስ አክስል ላይ መግጠም ገንዘብን ዘይት ውስጥ መንከር ነው።

ዲፈረንሻሉ ተከፈተ

የድሮውን የፍሬን ጀርባ ሰሌዳ ለማውጣት አክስሉ መውጣት አለበት፤ አክስሉ እንዲወጣ ደግሞ ዲፈረንሻሉ ይከፈታል። የኋላ ክዳኑን ቡሎኖች አላልቼ የላይኞቹን በጥቂት ጥርስ ተውኳቸው፤ ክዳኑን ከታች ሳላቅቀው ዘይቱ በሥርዓት ወደ ሳህኑ ወረደ። የወረደው ዘይት ጠቁሯል፤ በጣት ሲታሽ የሚቆረቁር ቁራጭ ብረት ግን የለበትም። ጥርሶቹም ጤነኞች ናቸው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የምትጠይቀው የመሃል ዘንጉን የምትቆልፈው ቀጭን ቡሎን ናት። ከፋብሪካ በማጣበቂያ ስለምትታሰር ውስጥ የመሰበር ጠባይ አላት፤ ከተሰበረች የአንድ ሰዓቱ ሥራ ሌላ መልክ ይይዛል። በሙቅ አየር ማጣበቂያውን አለሰለስኩ፤ ልክ የሆነ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ አስገብቼ በዝግታ፣ ሳልነቀንቅ፣ ጫናውን እየጨመርኩ ፈታኋት። ደህና ወጣች። ቢሆንም አትመለስም፤ በአዲስ ትተካለች።

ዘንጉ ከወጣ በኋላ አክስሉን ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ፣ ሲ ክሊፑን በማግኔት መልቀም፣ ከዚያ አክስሉን ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ዘንጉ ወጥቶ ሳለ አክስሉን ማዞር ግን አይገባም፤ ትንንሾቹ ጥርሶች ተሽከርክረው ከቦታቸው ይወጣሉ፤ መልሶ ማስተካከሉም ትዕግሥት ያስጨርሳል።

የዚህ አክስል ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት የለውም፤ ሮለሮቹ የሚሮጡት በራሱ በአክስሉ ገላ ላይ ነው። ስለዚህ ኩሽኔታ መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ የአክስሉም ገላ መታየት አለበት። በጥፍሬ እየፋቅሁ ዙሪያውን አየሁ። የሮለሩ መንገድ ጎልቶ ይታያል፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ግን የለም። አዲስ ኩሽኔታና ኦይል ሲል ገብተዋል፤ የሲሉ ከንፈር ሳይቀደድ እንዲቀበል በቀጭኑ ግራሶ ተቀብቷል።

ዲስኩ ሲሽከረከር

ተሸካሚ ብረቶቹ የድሮው ጀርባ ሰሌዳ በነበረበት ፊት ላይ በአራት ቡሎን ይታሰራሉ። ፊቱ ላይ የነበረውን ቀለምና ዝገት በሽቦ ብሩሽ እስከ ንጹሕ ብረት አወረድኩት። አክስሎቹ ተመልሰዋል፤ ሲ ክሊፖቹ፣ ዘንጉና አዲሷ ቡሎን ከነማጣበቂያዋ ቦታቸውን ይዘዋል።

አሁን የምጽፈው ብዙ ጊዜ የሚዘለለውን ነገር ነው። ዲስኩን በአራቱም ዳዶ እኩል አጥብቄ ባለ ሰዓት መለኪያ በፊቱ ላይ አስደገፍኩና በእጄ ቀስ ብዬ አዞርኩት። በቀኝ በኩል መርፌዋ ከ0.05 ሚሊሜትር በታች ተወዛወዘች፤ ያማረ ነው። በግራ በኩል ግን እስከ 0.16 ሄደች። ዓይን ይህን አያይም፤ እግር ግን ከጥቂት ሺህ ኪሎሜትር በኋላ ያየዋል። የሚወዛወዝ ዲስክ በእያንዳንዱ ዙረት አንድ ቦታ ላይ ሸራውን እየነካ ውፍረቱ ይለያያል፤ ከዚያ ፔዳሉ መርገፍገፍ ይጀምራል፤ ሰውም «ዲስኩ ጠመመ» ይላል።

ዲስኩን በአንድ ቡሎን ልዩነት አዙሬ ገጥሜ ደግሜ ለካሁ። ከፍታው ዲስኩን ተከትሎ አልሄደም፤ ከአክስሉ ፊት ጋር እዚያው ቀረ። ጉዳዩ ያለው አክስሉ ላይ ነው ማለት ነው። ዲስኩን አውርጄ የአክስሉን ፊት በመብራት አየሁት፤ በአንደኛው ቡሎን ግርጌ እንደ ቀለበት የከበበ ጠንካራ ዝገት አለ፤ ውፍረቱ ከወረቀት አይበልጥም። ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ፊቱን አጸዳሁ፤ ብሩሽ የማይደርስበትን የቡሎን ግርጌ በስለት ጫፍ ፋቅሁ። ዲስኩ ተመለሰ። መርፌዋ 0.05 ላይ ቆመች።

ካሊፐር

ካሊፐሩ ዲስኩን እኩል እንዲያቅፍ ከተሸካሚው ብረት በስተጀርባ ሮንዴላ ይገባል። በግራ አንድ ቀጭን ሮንዴላ በቂ ሆነ፤ በቀኝ ምንም አላስፈለገም። የሚንሸራተቱት ፒኖች በፍሬን ግራሶ ተቀብተዋል፤ ተራ ግራሶ ጎማውን ስለሚያሳብጥ አይሆንም።

የእጅ ፍሬን ያለበት ካሊፐር ፒስተን እንደ ፊቱ በመጫን አይመለስም፤ ውስጡ ጥርስ ስላለው እየተጫነ መዞር አለበት። በጉልበት በሞርሳ የሚጫነው ሰው ውስጡን ሰብሮ ያርፋል። ካዞሩት በኋላም በፒስተኑ ፊት ላይ ያለው ስንጥቅ ከሸራው ጀርባ የምትወጣውን ትንሽ ፒን እንዲቀበል ማቆም ያስፈልጋል። ፒኗ ከስንጥቁ ውጭ ካረፈች ሸራው አጋድሎ ይበላል።

የአየር ማውጫው ቡሎን በሁለቱም በኩል ከላይ መሆኑን አየሁ። ግራና ቀኝ የተቀያየረ ካሊፐር በአግባቡ ይገጥማል፤ ይይዛልም ይመስላል፤ አየሩ ግን ከላይ ተጠምዶ ስለሚቀር ፔዳሉ መቼም አይጠነክርም።

ቸርኬው ተሞከረ። በካሊፐሩና በቸርኬው መካከል 6 ሚሊሜትር ያህል ክፍት ነው። 3 ቢሆንም ይበቃኝ ነበር።

ቱቦና የእጅ ፍሬን

በአክስሉ ላይ ያሉት የብረት ቱቦዎች ዝገዋል፤ ሁለቱንም በኒኬልና መዳብ ቅይጥ ቱቦ ተካኋቸው። ይህ ቱቦ በእጅ ይታጠፋል፣ አይዝግም። ንጹሕ መዳብ ግን በንዝረት እየደከመ ስለሚሰነጠቅ ለፍሬን አይሆንም። የቱቦው አፍ ሁለት ጊዜ ታጥፎ በ45 ዲግሪ ተከፍቷል፤ ክብ ሆኖ የሚከፈት ሌላ ዓይነት አፍም አለ፤ ሁለቱ በአንድ መቀበያ ላይ ከተቀላቀሉ ቢጠብቁም ያፈስሳሉ። የተቆረጠ ቱቦን በመጭመቂያ ቀለበት መቀጠል ለውኃ መስመር እንጂ ለፍሬን አይደለም።

ተጣጣፊዎቹ ቱቦዎች ከመታሰራቸው በፊት መደገፊያዎቹን ከአክስሉ ወደ መኪናዋ አካል አዛወርኩ፤ አክስሉ እስከ መጨረሻው ተንጠለጠለ። ቀጥሎ በክሪክ እስከ ላይኛው ማቆሚያ ድረስ አነሣሁት። በተንጠለጠለ ጊዜ ቱቦው አልተወጠረም፤ በተነሣ ጊዜ ግን የግራው አክስሉን ከኋላ የሚይዘውን አግድም ሾክ አብዞርበር ሊነካ አንድ ጣት ቀረው። መያዣውን ዞር አድርጌ አራቅሁት። ይህ ሙከራ ሲዘለል ቱቦው የሚፋቀው ሰው በሌለበት በጉዞ ላይ ነው።

የእጅ ፍሬን ገመዱ ብዙ አላስቸገረም። አንድ ነገር ብቻ፦ እጀታው ወርዶ ሳለ በካሊፐሩ ላይ ያለው ክንድ እስከ ማቆሚያው መመለስ አለበት። ገመዱ በጥቂቱም ቢሆን ይዞት ከቀረ ሸራው እየታሸ ይሄዳል፤ ፍሬኑም የሸራውን ማለቅ ተከትሎ ራሱን ማስተካከል ያቆማል።

ማስተር ሲሊንደርና ቫልቭ

ነባሩ ማስተር ሲሊንደር፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ፍሬኖቹ የሚገፋው፣ 21 ሚሊሜትር ነው። ለድራሙ በቂ ነበር፤ የኋላ ካሊፐሮቹ ግን ከድራም ሲሊንደር የበለጠ ዘይት ስለሚጠይቁ ፔዳሉ ወደ ወለሉ ይጠጋል። አንድ ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሚሊሜትር፣ ቢገባ ለእኩል የእግር ኃይል ግፊቱ በ32 በመቶ ይወድቃል። ካም ሻፍቱ የተለወጠ ሞተር ዝም ብሎ ሲሠራ ቫኪዩሙ (አየር የመሳብ ኃይሉ) ደካማ ስለሆነ፣ በዚያ ቫኪዩም የእግርን ኃይል የሚያግዘው ሰርቮ ይህን ጉድለት ሊሞላው አይችልም። በመካከል ያለውን 23.8 ሚሊሜትር መረጥኩ፤ የሚገፋው ዘይት በ28 በመቶ ይጨምራል፣ ግፊቱ በ22 በመቶ ይቀንሳል። ለሁለቱም መስመር እኩል ስለሆነ ከላይ ያለውን የፊትና የኋላ ስሌት አይነካውም።

ማስተር ሲሊንደሩን ከመግጠሜ በፊት ሞርሳ ላይ አስሬ አየሩን አወጣሁ። የሰርቮውን መግፊያ ዘንግ ርዝመትም ለካሁ። ዘንጉ ከረዘመ ፒስተኑ ወደ ማረፊያው አይመለስም፤ ዘይቱ ሲሞቅ የሚሸሽበት ቀዳዳ ይዘጋል፤ ፍሬኑ ማንም ሳይነካው እየጠበቀ ይሄዳል። ለድራም የሚሠሩ አንዳንድ መስመሮች 0.7 ባር ያህል ግፊት ይዞ የሚያስቀር ትንሽ ቫልቭም አላቸው፤ ዲስክ ላይ ሸራው ሳያቋርጥ እንዲታሽ ስለሚያደርግ መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ ግድ ነው። በአዲሱ ማስተር ሲሊንደር ላይ የለም።

በሰርቮው ሥር ያለው የፋብሪካው ቫልቭ ለድራም የተለካ የግፊት መገቻ በውስጡ አለው። ያንን ክፍል አውጥቼ ቦታውን በሚገባው መክደኛ ዘጋሁ። ሁለት መገቻ በአንድ መስመር ላይ ከተቀመጠ የኋላ ፍሬኑ ምን እንደሚሠራ ማወቅ አይቻልም። ከ7 እስከ 69 ባር የሚስተካከለው አዲሱ ቫልቭ ወደ ኋላ በሚሄደው መስመር ላይ ገብቷል፤ በእጅ እንዲደረስበት ከሞተሩ ክፍል አስቀምጬዋለሁ። ለጊዜው የኋላውን እስከ መጨረሻው በሚቀንስበት ቦታ ላይ ነው።

አየር ማውጣት

ዘይቱ ዶት 4 ነው፤ ትኩስ ሆኖ ቢያንስ በ230 ዲግሪ፣ ውኃ ስቦ ካረጀ በኋላ ደግሞ ቢያንስ በ155 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲፈላ ደረጃው ያስገድዳል። ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ከዚህ ጋር አይደባለቅም።

ከሩቁ ጀመርኩ፤ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ጓደኛዬ ፔዳሉ ላይ ተቀመጠ። «ያዝ» ስለው ይይዛል፣ ቡሎኑን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ «ልቀቅ» እለዋለሁ። የአሮጌው መስመር ዘይት እንደ ሻይ ጠቁሮ ወጣ፤ ከዚያ አረፋ፣ ከዚያ ጥርት ያለ። ካሊፐሩን በጎማ መዶሻ መታ መታ ሳደርገው ጥግ የያዙ ጥቃቅን አረፋዎች ወጡ። ሲያልቅ ፔዳሉ ከላይ ያዘ። ሞተሩ እየሠራ ባለው ኃይል ሁሉ ተጭኖ እንዲቆይ አደረግሁትና እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ነጭ ወረቀት ጠረግሁ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው።

ዲፈረንሻሉ ተዘግቶ አዲስ ዘይት ሞልቷል፤ ለማያንሸራትት ዲፈረንሻል የሚጨመረው ቅባት አልተረሳም። የቸርኬ ዳዶዎች በመስቀል ቅደም ተከተል በ130 ኒውተን ሜትር ጠብቀዋል።

ማላመድ

አዲስ ሸራ ከአዲስ ዲስክ ጋር መላመድ አለበት። ከ50 ኪሎሜትር በሰዓት እስከ 10፣ መጠነኛ ጫና፣ እንደገና፤ ከዚያ ፍጥነቱን ከፍ እያደረጉ። በመጨረሻ ሳይቆሙ ለረጅም ጊዜ ማብረድ። የጋለ ሸራ በቆመ ዲስክ ላይ ከተጫነ ቅርጹን አትሞ ይሄዳል። የኋላ ዲስኮቹ ግራና ቀኝ በሙቀት መለኪያ ሲታዩ ተቀራራቢ ናቸው፤ ወደ አንድ ወገን መሳቡም ቀርቷል።

ሚዛኑ

ይህ የሥራው ዋና ክፍል ነው። ቦታው ለሌላ መኪና የተዘጋ፣ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ ደረቅ አስፋልት ነው። መኪናዋ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ዘዴ) ስለሌላት ጎማ መቆለፉ በዓይን ይታያል። ጓደኛዬ ከጎን ራቅ ብሎ ቆሞ ጎማዎቹን ይመለከታል፤ እኔ በ60 ኪሎሜትር ፍጥነት መጥቼ ጫናውን እየጨመርኩ እስኪቆለፍ እይዛለሁ። ታንኩ ሩብ ብቻ ነው የያዘው፤ ኋላዋ ሲቀል ያለውን ክፉ ሁኔታ ማየት እፈልጋለሁ።

ቫልቩ እስከ መጨረሻ ተቀንሶ ሳለ የፊቱ በጣም ቀድሞ ቆለፈ፤ ኋላው ምንም እንዳልተያዘ ዙሩን ቀጠለ። ግማሽ ዙር ከፈትኩ። አሁንም የፊቱ፣ ግን አቋቋሟ ጠበቅ አለ፤ አፍንጫዋ እንደ በፊቱ አልደፋችም። እየጨመርኩ ሄድኩ። አንድ ደረጃ ላይ ኋላዋ ቀለል ብሎ ወደ ግራ ሲሸሽ በወንበሬ ተሰማኝ፤ ጓደኛዬም እጁን አንሥቶ «የኋላው ቀደመ!» አለኝ። መሪውን ይዤ ፍሬኑን ለቀቅሁ፤ ቀጥ አለች።

ወሰኑ ይህ ነው። ከዚያ ሙሉ አንድ ዙር መለስኩት። ግማሽ ዙር ቢበቃም የምፈልገው ወሰኑን መንካት ሳይሆን ከወሰኑ ወዲህ መቆየት ነው፤ ቁልቁለት አለ፣ ያለቀ ጎማ አለ፣ የቀለለ ታንክ አለ። ደጋግሜ ሞከርኩት። በየጊዜው ቀድሞ የቆለፈው የፊቱ ነው፤ የኋላው ተከትሎት ሊቆለፍ ሲል ይሰማል። በመስመሩ ላይ በተሰካ የግፊት መለኪያ ስመለከተው የኋላው ግፊት መገታት የሚጀምረው ወደ 40 ባር አካባቢ ነው። ስሌቴ 50 ላይ እኩል ይሆናሉ ብሎ ስለነበር በአሥር ባር ያህል ወደ ደኅናው ወገን አርፏል።

ቀጥሎ የመጣሁበትን ጉዳይ ፈተንኩ፤ ከፍ ካለ ፍጥነት ፋታ ሳይሰጡ ደጋግሞ መያዝ። ከድራሙ ጋር ፔዳሉ እየሰጠመ፣ ኋላው አንዴ እየያዘ አንዴ እየለቀቀ ይመጣ ነበር። አሁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፔዳሉ እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚይዘው። በአንዱ አቋቋም ርቀቱ እምብዛም አላጠረም፤ በመጨረሻው አቋቋም ግን ከመጀመሪያው የተለየ ሆኖ አላገኘሁትም። እንዲህ ያለ እምነት የሚጣልበት ፔዳል ይህች መኪና ኖሯት አያውቅም።

ቀሪ ሥራ

የቫልቩ እጀታ በነጭ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል፤ በቡሎን ተቆልፏል፤ ማንም በዘፈቀደ እንዲያዞረው አልፈልግም። ጎማ በሌላ ዓይነት ሲለወጥ ወይም የፊት ሸራ በሌላ ዓይነት ሲተካ ሚዛኑ ዳግመኛ ይፈተናል። የቸርኬ ዳዶዎች ከመቶ ኪሎሜትር በኋላ ደግመው ጠብቀዋል፤ ሁለቱ በጥቂቱ ዞረዋል። የዘይቱ ልክ አልወረደም፤ የግራው ኦይል ሲል ደርቋል። የሚቀጥለው ፍተሻ ሸራዎቹ ሳይጋደሉ እኩል መበላታቸውን ለማየት ነው፤ ለዚያም ካሊፐሮቹ ወርደው የውስጡና የውጩ ሸራ ውፍረት ጎን ለጎን ይለካል።